ከስትሮክ በኋላ እንደገና መራመድ፦ ሚዛንን የሚመልሱ ልምምዶችና የእኛ የልጆች ድርሻ



በስደት አገር ተወልደን ወይም በሕፃንነታችን መጥተን ያደግን ልጆች ከወላጆቻችን ጋር ሐኪም ቤት ስንሄድ የማይቀርልን ሥራ አለ፤ ማስተርጎም። የደም ግፊትን፣ የስኳርን፣ የኩላሊትን ቃላት በአማርኛ የተማርነው እዚያ ነው። ከሁሉም ከባዱ ግን ስትሮክ ነው። ስትሮክ ከሆስፒታል ከተወጣ በኋላ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት የሚቆይ ሥራ ይዞ ቤት ይገባል። የዚያን ሥራ አብዛኛውን ክፍል የሚሠሩት ደግሞ ታማሚውና አብሮት የሚኖረው ቤተሰብ ናቸው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ አሜሪካ ውስጥ በመንገድና ትራፊክ ዘርፍ የምሠራ ኢንጂነር ነኝ። አባቴ ከሦስት ዓመት በፊት ስትሮክ መቷቸው ግራ ጎናቸው ደከመ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የፊዚዮቴራፒ ቀጠሯቸውን እያስተረጎምኩ፣ ያልገባኝን እየጠየቅኩና እያነበብኩ የተማርኩትን ነው የማካፍላችሁ። ለእያንዳንዱ ታማሚ የሚስማማውን ልምምድ የሚመርጠው የራሱ ሐኪምና የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነው። ይህ ጽሑፍ የእነሱን ምክር በደንብ እንድትረዱትና ቤት ውስጥ እንድትሠሩበት ለማገዝ የተጻፈ ነው።

ጉዳቱ ያለው አንጎል ላይ ነው

ስትሮክ ወደ አንጎል ደም የሚወስድ የደም ሥር ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ የሚደርስ ጉዳት ነው። ከ100 ወደ 85 ገደማ የሚሆነው በመዘጋት የሚመጣ ነው። ደም ያጣ የአንጎል ክፍል በደቂቃዎች ውስጥ መሞት ይጀምራል። የቀኙ አንጎል የሰውነትን ግራ ጎን፣ የግራው ደግሞ ቀኙን ስለሚያዝ ድካሙ የሚታየው በተቃራኒው ጎን ነው።

በማኅበረሰባችን «እግሩ ሞተ» ሲባል ትሰማላችሁ። እግሩ አልሞተም። ጡንቻውም አጥንቱም በቦታው አለ፤ የተቋረጠው ከአንጎል የሚመጣው ትዕዛዝ ነው። ይህን መለየት ትልቅ ጥቅም አለው። እግሩ ሞቷል ብሎ የተቀበለ ቤተሰብ እያሸ፣ ዘይት እየቀባ ይጠብቃል። የተቋረጠው ትዕዛዝ ነው ብሎ የተረዳ ቤተሰብ ግን አንጎል ትዕዛዙን እንደገና እንዲማር ያሠራል። ማሸት ሰውነትን ሊያፍታታ ይችላል፤ መራመድን ግን አያስተምርም።

ሚዛን እንዴት ይሠራል?

ቆሞ መገኘት ቀላል ነገር ይመስላል። እንደ ኢንጂነር ካየነው ግን ሰው ረጅምና ጠባብ መሠረት ያለው፣ ሁልጊዜ ሊወድቅ ያዘነበለ ግንብ ነው። የሰውነታችን የክብደት ማዕከል ከእምብርት ትንሽ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ያ ማዕከል እግሮቻችን ከያዙት ቦታ ውጪ ከወጣ ወይ እንወድቃለን፣ ወይ ፈጥነን አንድ እርምጃ ወስደን ራሳችንን እንይዛለን።

አንጎል ይህን ለመቆጣጠር ከሦስት ቦታ መረጃ ይቀበላል፦ ከዓይን፣ ከውስጠኛው ጆሮና ከእግር። ውስጥ እግራችን፣ ቁርጭምጭሚታችንና ጉልበታችን መሬቱ ለስላሳ ይሁን ጠንካራ፣ ዘንበል ያለ ይሁን ሜዳ በየቅጽበቱ ይነግሩታል። አንጎል ሦስቱን አገናዝቦ ለጡንቻዎች ትዕዛዝ ይልካል።

ስትሮክ ከዚህ ሰንሰለት የትኛውንም ቀለበት ሊመታ ይችላል። አንዱ ሰው ጥንካሬ ያጣል፣ ሌላው እግሩ የት እንዳለ አይሰማውም፣ ሌላው ደግሞ የአንድ ጎኑን ዓለም ልብ ሳይል ቀርቶ የበሩን መቃን ይገጫል። አባቴ የግራ ውስጥ እግራቸው ስሜት ቀንሶ ስለነበር በዓይናቸው ተማምነው ነበር የሚቆሙት። ቀን ላይ ደህና የሚራመዱት ሰው ለፈጅር ሲነሱ በጨለማው ኮሪደር ይንገዳገዱ ነበር። ኮሪደሩ ላይ የምሽት መብራት መግጠም ከባድ ወጪ አልነበረም፤ ምክንያቱን ማወቅ ነው ለውጥ ያመጣው።

አንጎል የሚማረው በድግግሞሽ ነው

ጤነኛው የአንጎል ክፍል የተጎዳውን ሥራ በከፊል ሊረከብ ይችላል። ይህ ግን ዝም ብሎ አይሆንም። በ1996 ራንዶልፍ ኑዶና ባልደረቦቹ እጅን የሚያዘው የአንጎል ክፍላቸው በትንሹ በተጎዳባቸው ጦጣዎች ላይ ያደረጉት ጥናት ይህን አሳይቷል። ሥልጠና ባላገኙት ላይ በጉዳቱ ዙሪያ የቀረው የእጅ ክልል ይበልጥ ጠበበ። እጃቸውን ደጋግመው እንዲጠቀሙ በሠለጠኑት ላይ ግን ያ ክልል ተጠብቆ ቆየ፤ በአንዳንዶቹ ላይ እንዲያውም ሰፋ። ባጭሩ፣ የማይሠራበት ቦታ እየጠበበ ይሄዳል።

ታዲያ ስንት ጊዜ መደጋገም ያስፈልጋል? በ2009 የታተመ አንድ ጥናት በአሜሪካና በካናዳ በ7 ቦታዎች 312 የሕክምና ክፍለ ጊዜዎችን ተከታትሎ ቆጥሯል። መራመድ በተለማመዱባቸው ክፍለ ጊዜዎች የተገኘው አማካይ 357 እርምጃ ነበር። የእንስሳት ጥናቶች ለውጥ ያሳዩት በየቀኑ በብዙ መቶዎች በሚቆጠር ድግግሞሽ ስለሆነ አጥኚዎቹ ቁጥሩ አነስተኛ ነው አሉ።

አሁን ይህን ወደ ቤታችን እናምጣው። ከሶፋ እስከ ወጥ ቤት 12 እርምጃ ቢሆን ደርሶ መልስ 24 ነው። በቀን አሥር ጊዜ ቢመላለሱ 240 ይሆናል፤ ከዚያ አማካይ ክፍለ ጊዜ ሁለት ሦስተኛው ማለት ነው፣ ያውም ያለ ቀጠሮ።

እዚህ ላይ ነው የእኛ ባህል ፈተና የሚሆነው። ጠያቂ ይመጣል፤ ታማሚው ሊነሳ ሲል ሁሉም «ኧረ አይነሱ! አይነሱ! እኛ እናምጣልዎ!» ይላል። ውሃው ይመጣል፣ ትራሱ ይመጣል፣ ስልኩ ይመጣል። ይህ ፍቅር ነው፤ ማንም በክፋት አያደርገውም። ግን እያንዳንዱ «አይነሱ» ከዚያ ቀን ልምምድ ላይ ተቀናሽ ነው። የአባቴ ፊዚዮቴራፒስት በመጀመሪያው ሳምንት ይህን አስጠነቀቀችን። እኛም ከጠያቂዎች ጋር አንድ ስምምነት አደረግን፤ ዘይራ የመጣ ሰው ሻይ ከመጠጣቱ በፊት ከአባቴ ጋር ኮሪደሩን አንዴ ይመላለሳል። ጓደኞቻቸው ወደዱት። ወሬውም ከሶፋ ላይ ይልቅ በእርምጃ ይጣፍጥ ነበር።

መቼ ይጀመር?

ቶሎ መጀመር ጥሩ ነው፤ መቸኮል ግን ሌላ ነገር ነው። በ2015 ውጤቱ የታተመው አቨርት የተባለ ጥናት በ5 አገሮች 2104 ታማሚዎችን ያካተተ ነበር። በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ ጀምረው በብዛትና ደጋግመው ከአልጋ እንዲነሱ ከተደረጉት መካከል ከሦስት ወር በኋላ ጥሩ ውጤት ላይ የደረሱት 46 ከመቶ ሲሆኑ፣ በተለመደው መንገድ ከታከሙት ግን 50 ከመቶ ነበሩ። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት መቼና ምን ያህል መነሳት እንዳለባቸው የሚወስነው የሆስፒታሉ ቡድን ነው። እናንተ «ለምን አላስነሳችሁትም?» ብላችሁ አትጣሉ።

በሌላ በኩል «ሦስት ወር ካለፈ ከዚያ በኋላ ተስፋ የለም» የሚለው አባባል ልክ አይደለም። ለውጡ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይፈጥናል፤ ከዚያም በኋላ ግን ይቀጥላል። በ2011 ውጤቱ የታተመው ሊፕስ የተባለ የአሜሪካ ጥናት 408 ሰዎችን በሦስት ቡድን ከፈለ። አንዱ ቡድን ክብደትን በማንጠልጠያ በሚያግዝ የመሮጫ ማሽን ከስትሮኩ 2 ወር በኋላ ጀመረ፤ ሁለተኛው በዚያው ማሽን ከ6 ወር በኋላ ጀመረ፤ ሦስተኛው ቤቱ ሆኖ ከፊዚዮቴራፒስት ጋር የጥንካሬና የሚዛን ልምምድ ሠራ። በዓመቱ መጨረሻ ከጠቅላላው 52 ከመቶ የሚሆኑት የመራመድ ደረጃቸው ከፍ ብሎ ተገኘ፤ በሦስቱ ቡድኖች መካከልም ጉልህ ልዩነት አልታየም። ውድ ማሽን የሌለው ቤተሰብ የሚያጽናናበት ነገር እዚህ አለ፤ በትክክል የተመራ የቤት ልምምድ ከማሽኑ አላነሰም።

ልምምዶቹ ምን ይመስላሉ?

ባለሙያው ከሚሰጣቸው የተለመዱት እነዚህ ናቸው። በአማርኛ እንዴት እንደምትሏቸው አብሬ ጽፌያለሁ፤ አባት ወይም እናት በሚገባቸው ቋንቋና በአክብሮት ሲነገራቸው ይሠሩታል።

1ኛ፦ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ። ጠንካራና የማይንሸራተት ወንበር ግድግዳ ተደግፎ ይቀመጥ። ሁለቱም እግሮች መሬት ነክተው ከጉልበት ትንሽ ወደ ኋላ ይሰብሰቡ። «አባዬ፣ ወደ ወንበሩ ጫፍ ይምጡ። እግርዎን ሰብሰብ ያድርጉ። ጎንበስ ብለው ወደ ፊት ይምጡና ይነሱ።» ሲቀመጡ ደግሞ «ዘፍ አይበሉ፤ ቀስ ብለው ይቀመጡ» በሏቸው። መውረዱም ጡንቻን ያሠራል። ዝቅ ያለ በርጩማና ሰመጥ የሚል ሶፋ ለመነሳት በጣም ከባድ ስለሆነ ከፍ ባለ ወንበር ይጀመር።

2ኛ፦ ክብደት ማዛወር። ታማሚው ሳያውቀው ክብደቱን ሁሉ በደህናው እግር ላይ ያደርጋል። የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ይዘው ቆመው ክብደታቸውን ቀስ እያሉ ወደ ደከመው እግር ያዛውሩ። «ክብደትዎን በግራ እግርዎ ላይ ያሳርፉ። እስኪ አምስት እስክቆጥር ይቆዩ።»

3ኛ፦ ተረከዝ ማንሳትና ወደ ጎን መራመድ። ያንኑ ጠረጴዛ ይዘው በእግር ጣት ይቆማሉ፣ ይመለሳሉ፤ ከዚያ ጠረጴዛውን ተከትለው ወደ ቀኝና ወደ ግራ ይራመዳሉ።

4ኛ፦ ዝቅተኛ ደረጃ ላይ እግር ማሳረፍ። ደህናውን እግር ደረጃው ላይ ሲያነሱ የደከመው ለብቻው ክብደት ይሸከማል። ይህ ከባድ ስለሆነ ባለሙያው ሳይፈቅድ አይጀመር።

5ኛ፦ መራመድ ራሱ። በመጀመሪያ ቀጥታ፣ ቀጥሎ መዞር፣ እንቅፋት ማለፍ፣ ዕቃ ይዞ መሄድ፣ እያወሩ መሄድ። «እግርዎን ያንሱ፤ አይጎትቱት። ቀና ይበሉ፤ ወደ ፊት ይመልከቱ።»

ልምምዱ ሁልጊዜ ትንሽ የሚከብድ መሆን አለበት። ያለ ምንም ጥረት የሚሠሩት ከሆነ ባለሙያውን ጠይቃችሁ ከፍ አድርጉት። የልብ ጤናቸው ለሚፈቅድላቸው ደግሞ የአሜሪካ የልብ ማኅበር መመሪያ በሳምንት ከ3 እስከ 5 ቀን፣ በቀን ከ20 እስከ 60 ደቂቃ ልብን የሚያሠራ እንቅስቃሴ ይመክራል። ሃያውን ደቂቃ በአንዴ የማይችል ሰው አሥር አሥር እያደረገ መክፈል ይችላል።

የት እንቁም? ምን እንያዝ?

የምትቆሙት በደከመው ጎን፣ ከትከሻቸው ትንሽ ወደ ኋላ ብላችሁ ነው። የደከመውን እጅ ይዛችሁ በፍጹም አትጎትቱ፤ የላላው ትከሻ ሊወልቅና ለረጅም ጊዜ ሊያም ይችላል። ወገባቸው ላይ የሚታሰር ሰፊ የመደገፊያ ቀበቶ አለ፤ ባለሙያው አያያዙን ያሳያችሁ። ከዘራ የሚያዘው በደህናው እጅ ነው። ደረጃ ሲወጡ ደህናው እግር ይቀድማል፤ ሲወርዱ የደከመው ይቀድማል።

መውደቅን አቅልላችሁ አትዩት። ስትሮክ የመታው ጎን አጥንት ብዙ ጊዜ ይሳሳል፤ ሰውም የሚወድቀው ብዙውን ጊዜ በዚያው ጎን ስለሆነ የዳሌ ስብራት ሊከተል ይችላል። ጠርዙ የተነሳ ምንጣፍ፣ ክፍት ነጠላ ጫማ፣ ወለል ላይ የተጋደመ የቻርጀር ገመድ፣ ቡና ተፈልቶ ያልተነሳ ረከቦትና ቄጠማ መንገዳቸው ላይ እንዳይኖር አድርጉ።

ውዱእ፣ ሰላትና መስጂድ

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች «የት መድረስ ትፈልጋለህ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ልምምዱን በዚያ ላይ ለመገንባት ነው። አባቴ ሳያመነቱ «መስጂድ፣ በእግሬ» አሉ። ይህን ስናስተረጉም ቃሉን ብቻ ብንናገር አይበቃም፤ ምን ምን እንቅስቃሴ እንዳለበት ዘርዝረን መንገር አለብን። ባለሙያዋ ሙስሊም አልነበረችም። ሩኩዕና ሱጁድን፣ ጫማ ማውለቅን፣ እግር ማጠብን ሳሳያት ማስታወሻ ይዛ ልምምዱን አስተካከለች።

በውዱእ ጊዜ እግርን ወደ ሲንክ አንስቶ ማጠብ ማለት እርጥብ ወለል ላይ በአንድ እግር መቆም ነው። ለዚህ ሰው ከዚህ የባሰ አደገኛ አቋም የለም። ወንበር ላይ ተቀምጠው በሳህንና በማንቆርቆሪያ ይታጠቡ፤ ወለሉ የማይንሸራተት ይሁን፤ ግድግዳው ላይ መያዣ ብረት ይገጠም።

መቆም ያልቻለ ሰው ተቀምጦ እንዲሰግድ ዲናችን ፈቅዶለታል። ስለዚህ ማንንም ወላጅ «ይሞክሩ እንጂ» ብለን ለአደጋ አንገፋም። ከመሬት መነሳት ከልምምዶች ሁሉ ከባዱ ነውና ባለሙያው እስኪፈቅድ ድረስ ወንበሩ ይቆይ። ስለ ሁክሙ ዝርዝር ኢማማችሁን ጠይቁ።

ሌላው ብዙ ሰው የማያስበው የጫማ ጉዳይ ነው። የእግራቸው ፊት ወደ ታች የሚንጠለጠልባቸው ታማሚዎች ቁርጭምጭሚትን የሚይዝ የፕላስቲክ ድጋፍ ጫማ ውስጥ ያደርጋሉ። መስጂድ በር ላይ ጫማው ሲወልቅ ድጋፉ ብቻውን ይቀራል፤ ፕላስቲኩም ሊያንሸራትት ይችላል። እኛ ከባለሙያዋና ከኢማሙ ጋር ተነጋግረን ለመስጂድ ውስጥ ብቻ የሚሆን ንጹህ ጫማና ጎማው ንጹህ የሆነ ሁለተኛ ከዘራ አዘጋጀን። ጫማ መደርደሪያው አጠገብም ወንበር ተደረገ። አሁን ያ ወንበር ለሌሎች አረጋውያንም ያገለግላል።

ለውጡን መለካት

በየቀኑ አብራችሁ ስትኖሩ ለውጡ አይታያችሁም። ስለዚህ ለኩት። ቀጥ ባለ ቦታ 10 ሜትር ምልክት አድርጉ፤ ከፊቱም ከኋላውም ሁለት ሁለት ሜትር ይኑር። ባለሙያው የሚፈቅድ ከሆነ አንድ ሰው አጠገባቸው እየሄደ በተለመደ ፍጥነታቸው ይራመዱ፤ ሌላው በስልኩ አሥሩን ሜትር ብቻ ይለካ። 10ን ለሰከንዱ አካፍሉት። በሰከንድ ከ0.4 ሜትር በታች የሚሄድ ሰው እንቅስቃሴው ብዙውን ጊዜ በቤት ውስጥ የተወሰነ ነው፤ ከ0.4 እስከ 0.8 ያለው በተወሰነ ደረጃ ውጪ ይወጣል፤ ከ0.8 በላይ ያለው እንደልቡ ይወጣል ተብሎ ይታሰባል።

ይህ ቁጥር በሥራዬም ስለሚያጋጥመኝ ልቤን ይነካዋል። በአሜሪካ የእግረኛ መሻገሪያ መብራት ጊዜ የሚሰላው በአብዛኛው እግረኛው በሰከንድ 1.07 ሜትር ይሄዳል በሚል ነው። 15 ሜትር ስፋት ላለው መንገድ ይህ 14 ሰከንድ ገደማ ይሆናል። በሰከንድ 0.5 ሜትር የሚሄድ ሰው ግን 30 ሰከንድ ይፈልጋል። አባቴ መጀመሪያ አሥሩን ሜትር በ31 ሰከንድ ነበር የጨረሱት፤ ከአምስት ወር በኋላ በ15 ሰከንድ ጨረሱት፣ አልሐምዱሊላህ። አሁንም ሰፊ መንገድ ለብቻቸው አይሻገሩም፤ ከመኪና ማቆሚያው እስከ ሶፍ ግን በራሳቸው እግር ይሄዳሉ።

ልምምዱን የሚያስቆሙ ምልክቶች

የደረት ሕመም፣ ከባድ የትንፋሽ ማጠር፣ ማዞር፣ ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታት ከመጣ ወዲያው አስቁሙ፤ እርዳታም ጥሩ። አንዴ ስትሮክ የመታው ሰው ዳግም ሊመታው ይችላል። ፊት ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ከወደቀ ወይም ንግግር ከተኮላተፈ «ትንሽ ይረፉና እንይ» አትበሉ። በአሜሪካ 911፣ በአውሮፓ 112፣ በሳዑዲ 997፣ በኤምሬትስ 998 ደውሉ። ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓትም አስታውሱ፤ የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በተለመደው አሠራር እስከ 4 ሰዓት ተኩል ድረስ ስለሚሰጥ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው። የግፊት መድኃኒት ሳይቋረጥ መወሰድ አለበት። ረመዳን ሲቃረብም ስለ ጾሙና ስለ መድኃኒቱ ሰዓት አስቀድማችሁ ሐኪሙንና ዓሊም አማክሩ።

በመጨረሻም፣ ስትሮክ የመታው ሰው ብዙ ጊዜ ያዝናል፣ ይቆጣል፣ «ተዉኝ» ይላል። ከአንጎል ጉዳቱም ከሐዘኑም ሊሆን ይችላልና ከቀጠለ ለሐኪሙ ንገሩ። እናንተ ግን አትሰልቹ። በልጅነታችን ደጋግመን ስንወድቅ እጃችንን ይዘው ያራመዱን እነሱ ናቸው፤ ስንት ጊዜ እንደወደቅን አልቆጠሩብንም። አሁን ተራው የእኛ ነው። በዚህ ሳምንት ሦስት ነገር አድርጉ፦ ከሶፋ እስከ ወጥ ቤት ያለውን እርምጃ ቁጠሩ፤ ኮሪደሩ ላይ መብራት አድርጉ፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ ባለሙያውን «ቤት ውስጥ በቀን ስንት ጊዜ፣ በምን ያህል ድጋፍ እናሠራቸው?» ብላችሁ ጠይቁና መልሱን ጻፉት።

አላህ ለታመሙ ወላጆቻችን ሁሉ ሙሉ አፊያ ይስጥልን፤ እኛንም ለእነሱ የምንጠቅም ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ